የየሻሽወርቅ አወዳደቅ

የሳሙና ፋብሪካው ሴቶች በቅርጫት ኳስ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ፤ ጥፋቱም በየሻሽወርቅ ላይ ተላከከ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከቅርጫቱ ሥር ወደቀች፤ ዳኛው ፊሽካ አልነፋም፤ ተጋጣሚዎቹ የዓባይ ማዶ ልጆች ኳሷን ነጥቀው ሮጡና አገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ቡድኑ ለሂስና ግለሂስ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጓድ ዓምደ ሚካኤል ለዋንጫው ብሎ ጠረጴዛውን ጨርቅ አልብሶት ነበር። አሁን ጨርቁ ላይ ያለው ቃለ ጉባኤና እስክሪብቶ ነው።

«ሳትነኪ ነው የወደቅሽው» አላት። «ዳኛውን ላታልል ብዬ ነው ብለሽ ፈርሚ። ሂስሽን ከዋጥሽ ግምጃ ቤት ትቆያለሽ። እምቢ ካልሽ ወደ ኮስቲኩ ትመለሻለሽ።»

የሻሽወርቅ እጆቿን አየች። ሁለት ዓመት ኮስቲክ ሶዳ ስታሟሟ ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣ ነበር። ወደ ግምጃ ቤት የተዛወረችው ኳስ ስለምትችል ብቻ ነው።

«የዓባይ ማዶዋ ዘኪያ ጎድኔን በክርኗ መታችኝ፤ ወደቅሁ። ምኑን ነው የምፈርመው?»

«ተይ እንጂ!» አለ አሠልጣኙ ክንዱ። «ቀስ ብለሽ፣ ተጠንቅቀሽ ነው የወደቅሽው፤ ሙሽራ እንኳ ጉልበት ስትስም ካንቺ ፈጥና ትወድቃለች።»

ሁሉም ሳቁ።

«አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ሰዓት ያዡን ስትሰድብ አልነበር? በምንህ አየኸኝ?»

«ሥርዓት!» ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ጓዲት አገርነሽ፣ ቅርብ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ተናገሪ።»

አገርነሽ ተጠባባቂ ናት፤ የሻሽወርቅ ከተባረረች ቦታውም ግምጃ ቤቱም የእሷ ነው። ትናንት ከቅርጫቱ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ማንም አልነካትም» አለች ወለሉን እያየች። «ራሷ ነው የወደቀችው።»

«ሁለታችሁም ተነሡ» አለ ሊቀመንበሩ። « አገርነሽ፣ አንቺ ዘኪያን ሁኚ። እንዴት እንደቆመች አሳዪን።»

የሻሽወርቅ ኳስ እንደያዘች ሁለት እጇን አነሣች። አገርነሽ ከጎኗ ቆመች። «እንዲህ ነበረች... ይቺ ወደ ቅርጫቱ ስትዞር ዘኪያም እንዲህ...» ክንዷ ታጥፎ ዞረ፤ ክርኗ የየሻሽወርቅ ግራ ጎድን ላይ አረፈ።

የሻሽወርቅ ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ከቀሚሷ ሥር በልዞ ያደረው ቦታ ነበር፤ ለማንም አላሳየችውም።

«እዚያው ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ካልነካችኝ ክርንሽ እዚህ ምን ይሠራል?»

አገርነሽ እሳት እንደነካት ሁሉ እጇን ሰበሰበችና ተመልሳ ተቀመጠች። አሠልጣኙ ክንዱ አንገቱን አከከ። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

ጓድ ዓምደ ሚካኤል ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝም።» ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ የሻሽወርቅ ገፋው። «ፈርሚ። ፈረቃ ሊገባ ነው።»

የሻሽወርቅ አጎነበሰች። ልትፈርም መስሏቸው ነበር። ቡድኑ የሰጣትን ሸራ ጫማ ፈታች፤ አንዱን ከአንዱ በክሩ አሰረችና አገርነሽ ጭን ላይ ጣለችው።

«ልክሽ ነው። ቀድመሽም ሳትለኪው አልቀረሽም።»

«ጓዲት! ስብሰባው አላለቀም!»

«ለእኔ አልቋል። ኮስቲኩ ጋ ታገኙኛላችሁ።»

በካልሲዋ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።