ለደብሪቱ እጅ የሚሆን ብረት

ደብሪቱ ሽንኩርት መክተፍ ከተወች ወዲህ ቤቱ ለባሏ ለሙለታ ጭር ብሎበታል። ሕመም ቀኝ እጇን አድክሞታል፤ የገበያ ቢላዋ ደግሞ ካልተጫኑት አይቆርጥም። ልጃቸው ጃለኔ እየመጣች ትሠራለች። ደብሪቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች። ሙለታን የሚያንገበግበው ያ መዞሯ ነው።

አንድ ጠዋት ቢላዋ ሊያሠራ አምቦ ገበያ ጀርባ ብረት ወደሚቀጠቅጠው ወደ ቀጀላ ሄደ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ሙለታ!» አለው ቀጀላ፤ የመጣበትን ሲሰማም «ቢላዋው ለማን ነው?»

«ለእኔ። ሥጋ ልበልትበት።»

ዕድሜውን ሙሉ በጌዶ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረው ሙለታ ካሮት እንኳ ቆርጦ አያውቅም። ግን የሚስቱን እጅ ለገበያ ሰው መንገር ገመናዋን ማውጣት መሰለው።

ቀጀላ ብረቶቹን ዘረገፈለት። «ፌሮው ለስላሳ ነው፣ ወዲያው ይዶለዱማል። የመኪና ባሌስትራ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም፤ ቶሎ ቶሎ መሳል ግን ይፈልጋል። ይሄ አሮጌ ሞረድ ስለቱን አይለቅም፤ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ግን እንደ ብርጭቆ ነው።»

«ሞረዱን አድርገው! መሪ የያዘ እጅ ቢላዋ ይጥላል?»

ቢላዋው ቤት ሲገባ ሽንኩርቱ ገና ሲነካ ተከፈለ። ደብሪቱ ሳቀች፤ ከማድ ቤት ወሬዋ ተሰማ። ሙለታም ደረቱን ነፍቶ ዋለ። በማግስቱ ግን ማድ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ቃጭሎ ወደቀ። ሲደርስ ቢላዋው ለሁለት ተሰብሯል።

«ተወው በቃ» አለች ስብርባሪውን በነጠላዋ ጫፍ እየሰበሰበች። «ጃለኔ ትክተፍ።»

ሙለታ ስብርባሪውን ይዞ ወደ ቀጀላ ተመለሰ።

«ከቢላዋ መሪው ይሻላል ማለት ነው?» አለ ቀጀላ እየሳቀ።

ሙለታ አልሳቀም። «የደብሪቱ ነው። እጇ አልጨብጥ ይላታል። ይወድቅባታል።»

ቀጀላ መዶሻውን አስቀመጠ። «አይ ኦቦ ሙለታ! ይሄን ቀድመው ቢነግሩኝ ሞረዱን መች አሳይዎት ነበር?» ባሌስትራውን አነሳ። «እጀታውን ወፈር፣ አፉን ሳሳ አደርግላታለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚስልላት ሰው ግን ያስፈልጋል።»

«ሰውማ አለ።»

አዲሱን ቢላዋ ደብሪቱ ልትነካው ፈራች። ሙለታ ከፍ አድርጎ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው።

«በስማም! አንተ ሰውዬ፣ አበድክ?»

አንስቶ አሳያት፤ ምንም አልሆነም። «በይ አሁን አንቺ ጣዪው።»

አመነታች፤ ከዚያ ጣለችው። ደገመች። ለሦስተኛ ጊዜ ሆን ብላ ወደ እግሩ አቅራቢያ ስትጥለው ሙለታ ዘሎ በሩን ተደገፈ፤ እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጃለኔ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ገባች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም» አለች እናቷ፣ ቢላዋውን በወፍራም እጀታው እየጨበጠች። «ሽንኩርቱን ወዲህ በይና አንቺ አረፍ በይ። አንተም ከበሩ ላይ ዞር በል፤ ብርሃን ከለከልከኝ።»