የጌታው ሁለት ጆሮዎች

ድመቴን ጌታውን ስኳር ይዞታል ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። «ስኳር የሚይዘው ሰው ነው፤ ድመት ደግሞ ምን ቅንጦት በልቶ?» አልኳት ሐኪሟን። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ገና ልጅ እግር፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ እጇ ግን ብረት። ጌታውን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ሆዱን ስትዳብስ እንደ ልማዱ አልቧጨራትም። ያኔ ሳቄ ጠፋ። ጌታው ካልቧጨረ ጤና የለውም።

ነገሩ የጀመረው በውኃ ነበር። ሳህኑን ልሶ ጨርሶ ባልዲ ውስጥ አንገቱን ይከታል። የበላው የት እንደሚገባ እንጃ፣ ሆዱን አስቀድሞ ይገባ የነበረ ሰውዬ አጥንቱ ወጣ። ሰውዬ የምለው አፌ ለምዶ ነው።

«እማማ፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን መወጋት አለበት» አለች ሐኪሟ። «ከመወጋቱ በፊት ደግሞ ደሙ ይለካል። ይህን ቤት ውስጥ የሚያደርግለት ሰው አለ?»

ልጄ አብራኝ ነበረች። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «እማዬ፣ አርጅቷል እኮ። ከሚሠቃይ ለምን አናሳርፈውም?» አለችኝ።

«እኔም አርጅቻለሁ። እኔንም አሳርፊኛ!»

ሐኪሟ ፊቷን አዙራ ሳቀች። መርፌውንም መለኪያውንም ተቀብዬ ወጣሁ። ትምህርት ቤት ባልገባም ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ለክቼ የሸጥሁ ሴት ነኝ፤ ቁጥር አይሸውደኝም።

ቁጥሩ አልሸወደኝም፤ ድመቱ ግን አሸነፈኝ። የመጀመሪያው ቀን በፎጣ ጠቅልዬ ያዝሁት። እጄን ተልትሎኝ ቁም ሣጥን ሥር ገባና እስኪመሽ ውጣ ቢሉት አልወጣም። እኔም አኩርፌ ጀርባዬን ሰጠሁት። ሐኪሟ ስደውልላት «አይቸኩሉ፤ መርፌውን ይርሱት። ዛሬ ጆሮውን ብቻ ይንኩለት፣ ከዚያ ሥጋ ይስጡት» አለችኝ። ልጅ ሆና ስታዘኝ ደሜ ፈላ። ግን እሺ አልኩ፤ ምን ላድርግ?

ጆሮውን ነካሁ፣ ሥጋ ሰጠሁ። ነገም እንደዚያው። ከዚያ ለብ ያለ እርጥብ ካልሲ ጆሮው ላይ ማኖር ጀመርሁ፤ ጆሮ ካልሞቀ ደም አይሰጥም። እንዲያውም ወደደው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያንኮራፋል። ቀጥሎ መለኪያውን ሳህኑ አጠገብ አስቀምጬ እንዲያሸትተው ተውሁት። ደም ለማውጣት ጆሮውን የምትወጋው መብሻ ስትፈናጠር «ጠቅ» ትላለች፤ እሷን ደግሞ ሳልወጋው በባዶው ከሩቅ ጠቅ፣ ሥጋ፤ ከቅርብ ጠቅ፣ ሥጋ። ኢንሱሊኑንም እንደዚያው፦ እየበላ ሳለ የጎኑን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ መልቀቅ፣ ቆንጠጥ አድርጌ መልቀቅ፤ እስኪሰለቸው። አንድ ቀን በእውነተኛው መርፌ ወጋሁት፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።  እኔ ግን ለማንም ሳልናገር ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስሁ።

በተለይ ጠቅታውን የለመደበት ፍጥነት ለጉድ ነው። ሌላው ድመት ወራት ይፈጅበታል አሉ፤ የእኔው ጠቅ ስትል እንዲያውም ጆሮውን ያቀብላል። «አሠልጣኙ ማን ሆነና!» እላለሁ ለልጄ። ሰፈሩን ሁሉ በዚህ አሰለቸሁት።

ሁለት ነገር ብቻ አልጥመኝ አለ። አንደኛው፣ እየተወጋም ስኳሩ ማታ ማታ ሽቅብ ይወጣል። ሐኪሟ «ሌላ ቦታ ይበላ ይሆን?» ስትለኝ ተቆጣሁ። «ጌታው ከእኔ እጅ በቀር አይቀምስም!» ሁለተኛው፣ እኔ የምበሳው የግራ ጆሮውን ነው፤ ለእጄ እሱ ስለሚመቸኝ። አንድ ማታ ሳየው የቀኙም ጆሮ ጠርዝ ነጥብ ነጥብ ብሏል።

«ማን ፈቀደልሽ?» አልኳት ልጄን።

«እማዬ፣ እኔ መርፌ ሳይ እንደምወድቅ እያወቅሽ?»

ይህስ እውነት ነው። ቁንጫ ይሆናል ብዬ ተውሁት።

እዚህ ላይ ስለ ታችኛው ሰውዬ መናገር አለብኝ፤ ደስ ባይለኝም። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ ብቻውን ይኖራል። ድሮ ሱቁ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ደንበኛ፣ «የላይኛዋ ሴትዮ ምላስ ካለ ለእኔ ምላጭ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሱቁን በሳቅ አፈረሰው። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ እኔ ግድግዳ አያለሁ፣ እሱ ጫማውን ያያል። አንድም ቃል የለም።

አንድ ጠዋት ጌታውን ለክቼ፣ አብልቼ፣ ወግቼ እንደ ወትሮው በሩን ከፈትሁለትና ወጣ። ልብስ ሳጣጥፍ ቆይቼ ከደረጃው ላይ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። የእኔና የታችኛው ፎቅ መሐል ያለችው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ወድቋል። ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ አቅቶታል፣ እግሮቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፍልፈዋል።

ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፦ መድኃኒቱ ከበዛበት ስኳሩ ወርዶ ይወድቃል፤ ቶሎ ድዱን ማር ይቀቡት። የማሩን ብልቃጥ ይዤ በባዶ እግሬ ወረድሁ። ከታች ደግሞ የሚሮጥ ሰው ሰማሁ። ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ በካናቴራ፣ በእጁ የማር ብልቃጥ።

ሁለታችንም ብልቃጥ እንደያዝን ተፋጠጥን።

«አንተ! ማር ለምን ያዝህ?» አልሁት። ለዓመታት ያላናገርሁትን ሰው «እርስዎ» የምልበት ጊዜ አልነበረም።

«ሻምበል ነዋ! ወግቼው ወጣ፣ ከዚያ…»

«ማን ነው ሻምበል?»

«ይሄው! ድመቴ!»

«ድመትህ? ጌታው ነው! እኔም ወግቼዋለሁ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ከእኔ በፊት?»

«አንተ ጸጉር ላጭ፣ ልትገድልብኝ ነው!»

«ኋላ ትሰድቢኛለሽ፤ አፉን ክፈቺ!»

ከፈትሁ። እሱ በጣቱ ማሩን ድዱ ላይ ቀባ፤ እኔ ጉሮሮውን አሸሁለት። ጎኑን ደግፌ ስይዝ እጄ ለስላሳ ነገር ነካ። ቀኝ ጎኑ ላይ፣ ለመርፌ እንዲመች ብሎ፣ በዚያው ጠዋት ትንሽ አራት ማዕዘን ላጭቶለታል። ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። የተላጨ ድመት አቅፌ፣ ሲሞትብኝ እያየሁ፣ እጁ እንዴት ንጹሕ ነው ብዬ ማሰቤ ነው የሚገርመኝ።

ጌታው ምላሱን አወጣና ማሩን ላሰ። አንዴ። ቆይቶ ደገመ። ፀጉር አስተካካዩ ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ዓይኑን በካናቴራው ጠረገ።

በታክሲ ይዘነው ሄድን፤ ጌታው በመሐል። ሐኪሟ እስኪያገግም ከጎኑ አልተለየችም። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተዘረዘረ። ሰውዬው ድመቱን ከድልድዩ ማዶ ካለ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወስዶት ኖሯል፤ እሱም ውኃ ሲያበዛ አይቶ። እሱም ጆሮ እየነካ፣ ጠቅ እያደረገ፣ ሥጋ እየሰጠ አለማምዶታል። ቀኝ ጆሮውን። ኢንሱሊን መውጋት የጀመረው ግን ያን ዕለት ጠዋት ነው። ያ ሁሉ የእኔ ጉራ እኩሌታው የሰው ድካም ነው ማለት ነው።

«ከዚያ በፊት ምን ያበሉት ነበር?» አለችው ሐኪሟ።

አንገቱን ደፋ። «ዳቦ። በጣፋጭ ወተት።»

ልናገር አፌን ስከፍት ሐኪሟ እጇን አነሣች። «እማማ፣ አባባ፣ ይህ ከተደገመ ላይነሣ ይችላል። ወይ አንድ ቤት ይዘጋበት፣ ወይ ተነጋገሩ።»

እኔ መዝጋቱን መረጥሁ። መነጋገር ለእኔ? ምነው፣ ተዋርጄ!

ዘጋሁበት። ጌታው በሩ ሥር ተቀመጠ። ሥጋ አቀረብሁ፣ አሸተተና ተወው። ካልበላ ደግሞ አይወጋም፤ ካልተወጋ ስኳሩ ይወጣል። ሲመሽ ለካሁት፤ ቁጥሩ ተሰቅሏል። ከታች ሰውዬው ሳህን አስቀምጦ በቀስታ «ሻምበል» ሲል ሰማሁ። አንዴ ጠራ። አልደገመም፤ ወደ ላይም አልመጣ። ጌታው በሩን በመዳፉ ቧጠጠና ዞሮ አየኝ። ድመቱን ለኩራቴ አስይዤ ልቀብረው መሆኔ ያኔ ታየኝ።

በሩን በርግጄ ከፈትሁ።

«አንተ ሰውዬ!» ሕንፃው ተንቀጠቀጠ። «እየመጣልህ ነው! ሥጋ ስጠው፣ ከዚያ የማታውን አንተ ውጋው! የጠዋቱ የእኔ ነው! ዳቦና ወተት ብታሳየው ግን በገዛ ምላጭህ ነው የምላጭህ!»

የታችኛው በር ተከፈተ። ከዚያ «ሰማሁ!» አለ።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። ጠዋት እኔ ወደ ታች «ወግቼዋለሁ!» እላለሁ፣ እሱ «ሰማሁ!» ይላል። ማታ እሱ ወደ ላይ ይጮኻል፣ እኔ እመልሳለሁ። ጌታው ሆዱ ተመልሷል፤ ሐኪሟንም መቧጨር ጀምሯል፣ ተመስገን። ልጄ «ታረቃችሁ አይደል?» ትለኛለች። ማን? እኔ? ስለ ድመት መነጋገር መነጋገር አይባልም።

ባለፈው ማታ ታዲያ የተለመደውን ጩኸት ስጠብቅ ቀረ። ኋላ ላይ ከታች ጉሮሮውን ሲያጸዳ ሰማሁ።

«እሜቴ!» አለ። «ቀኝ ጆሮው ቆስሎበታል። ለዛሬ ግራውን ብታውሺኝ?»

ግራው የእኔ ነው። አሰብሁበት።

«ውሰድ!» አልሁት። «ግን ጠርዙን ነው የምትበሳው! መሐሉን የነካህ እንደሆነ…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ምላስሽ አለ።»

«ካወቅህ ምን ቆመሃል? ካልሲውን አሙቅለት!»