በቦይለሩ ሆድ የነበረው ዘንግ

ኢርፋን መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ ሲታገል ቦይለሩ ተንቋቋ፤ ቡናማ ውሃ አይናዲስ በያዘችው ባልዲ ውስጥ ተንዶለዶለ።

"ሞቷል፤ ነፍስ ይማር" አለ የቧንቧ ሠራተኛው ኢርፋን። "አዲስ ይግዙ እትዬ።"

የፔንሲዮኑ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌማርያም ግንባራቸውን ያዙ። ሰሞኑን አንሶላው ሁሉ ዝገት እየመሰለ ሲወጣ "በረኪና አበዛሽ!" እያሉ የጮኹት በአጣቢዋ በአይናዲስ ላይ ነበር። እሷ ግን ዛሬ ስለ አንሶላው የሚያስብ ልብ አልነበራትም። ልጇ ዊንታ በሩ ላይ ቆማለች። አምስት ኪሎ ምህንድስና የምትማረው ዊንታ በኤሌክትሮኬሚስትሪ ፈተና ወድቃ "በቃኝ፣ አልመለስም" ካለች ወዲህ እናትየው እንቅልፍ አጥታለች። በመጨረሻ እትዬን ለምና እንግዳ መቀበያው ላይ እንዲቀጥሩላት ይዛት መጣች። ቤት ተዘግታ ከምታለቅስ እዚሁ ፒያሳ አጠገቤ ትሁን ብላ።

ኢርፋን ከቦይለሩ ውስጥ አንድ ነገር መዝዞ አወጣ። እንደ ኪሮሽ የቀጠነ ሽቦ ነው፤ እዚህም እዚያም ነጭ ፍርፋሪ ተጣብቆበታል።

"ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ ገባ?" ብሎ ሊወረውረው ሲል፣

"እንዳትጥለው!" አለች ዊንታ። ጠጋ ብላ ተቀበለችው። "የማግኒዥየም ዘንግ ነው። ሲገባ እንደ አውራ ጣት ወፍራም ነበር፤ አሁን የቀረው የመሃሉ ሽቦ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ማን በላው? አይጥ?"

"ውሃው። ብረት የሚዝገው ኤሌክትሮኖቹን ሲያጣ ነው። ማግኒዥየም ደግሞ ለመስጠት ከብረት ይፈጥናል። ሁለቱ ተነካክተው ውሃ ውስጥ ካሉ፣ እየሰጠ የሚያልቀው እሱ ነው፤ ብረቱ ይድናል። አሁን እሱ ስላለቀ ውሃው ወደ ብረቱ ዞረ። ቦይለሩ ካልተበሳ ግን አልሞተም፤ ዘንጉን ብቻ ቀይረው።"

ኢርፋን የስልኩን መብራት አብርቶ በቀዳዳው አጮለቀ። "ወላሂ ደህና ነው! ስንቱን በቁሙ ቀብሬዋለሁ በሉኛ!"

አይናዲስ ሽቦውን መዳፏ ላይ አደረገችው። ክብደት የለውም። ስንት ዓመት በዚያ ውሃ አጥባለች፤ ከጭንቅላቷ በላይ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ይህ ሁሉ መስጠትና መቀበል እንዳለ አልጠረጠረችም። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ደግሞ ትናንት ያዘለቻት ልጅ ሳታየው ታውቀዋለች።

"የወደቅሽበት ትምህርት ይሄ ነው?" አለች ቀስ ብላ።

"እሱ ነው፣ እማዬ።"

"ታውቂው የለም እንዴ!"

"ወረቀት ላይ ሲሆን ስሌቱ ይጠፋብኛል።"

"እኔም ሰሌዳ ላይ ሲሆን 'ጸ' ይጠፋብኛል። ተማሪው ሁሉ ይስቅብኛል። ማታ ማታ ፊደሌን ይዤ ትምህርት ቤት መሄዴን ግን አልተውኩም።"

ዊንታ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ።

ወይዘሮ ጽጌማርያም ፊታቸው በርቷል። "ይቺን የመሰለች ልጅ ደብቀሽ! በይ፣ ከሰኞ ጀምራ ሥራ ትግባልኝ።"

ለዚህ ቃል ነበር አይናዲስ ስትለማመጥ የሰነበተችው። ሽቦውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"ይቅር፣ እትዬ" አለች። "ሰኞ ትምህርት አላት።"

ልጇን ግን ቀና ብላ ማየት ፈራች።