የእናቱ መስኮት

የወጣለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ በያጅ ነውና ሰፈሩ «ብረቱ» ብሎት ቀረ። በዚያ ሰፈር እሱ ያልበየደው በር፣ እሱ ያልገጠመው የመስኮት ፍርግርግ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ሥራውን ሲያስረክብ የሠራውን አንድ ጊዜ በእርግጫ ይለውና «ሌባ ይሄን ቆርጦ ከገባ፣ ዕቃውን ትቶ እኔን ይውሰደኝ!» ይላል። ጉራ አያጣውም፤ ግን እውነቱን ነበር።

ለእናቱ መስኮት የሠራው ግን ለሌባ ብሎ አይደለም። እናቱ መርሳት ከጀመራት ሦስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ መነጽሯን ያኖረችበትን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ በመጨረሻ ሰዉን ረሳች። አንድ ቀን በመስኮት ወጥታ ጠፋች። በሁለተኛው ቀን አውራ ጎዳና ዳር በባዶ እግሯ ቁጭ ብላ ተገኘች። ብረቱ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሰ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ፣ ድፍን የብረት ዘንግ እየቆረጠ፣ መስኮቷ ላይ ጫፍና ጫፉን ግድግዳው ውስጥ ቀብሮ በሲሚንቶ ደፈነላት። የክፍሏንም በር ከውጭ እየቆለፈ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ደግ ልጅ ነው፤ ሰፈሩ ቢጠየቅ ይህንኑ ይመሰክርለታል።

ከወር በፊት ከእሳት አደጋ መከላከያ አንዲት ባለሙያ ቤት ለቤት እየዞረች ስታስተምር እነሱም ቤት ገባች። በሩን አየች፤ መስኮቱን አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እሳት ቢነሣ እማማ በየት ነው የሚወጡት?»

«ምን እሳት አመጣሽብኝ? እኔ እንደሆንኩ ከዚህ አልርቅም፤ ሱቄ ግቢው በር ላይ ነው።»

«ፍርግርጉን በማጠፊያ የሚከፈት አድርገው።»

«የሚከፈት ከሆነማ እሷስ መች ትቀመጣለች?»

«ጓጉንቸሩን በውጭ በኩል አድርገዋ! ብረት እኔ ላስተምርህ እንዴ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጋሼ።»

ብረቱ ሳቀ፤ ነገሩ ግን ገብቶታል። የዚያኑ ዕለት ሁለት ማጠፊያ አዘጋጅቶ መደርደሪያው ላይ አኖረ። ከዚያ የሰው በር መጣ፤ የሰው አጥር መጣ። ደንበኛ ይጨቀጭቃል፣ እናት አትጨቀጭቅም። ዛሬ ነገ ሲል ወሩ አለቀ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የእናቱን ሾርባ ጣደ። የኤሌክትሪክ ምድጃው ሳሎን ውስጥ፣ ከእናቱ በር አጠገብ ነው። እርጥብ ፎጣም ቶሎ ይድረቅ ብሎ ከምድጃው በላይ ገመድ ላይ አንጠልጥሏል። በዚህ መሃል የግቢ በር ያዘዘ ሰው ከሱቁ ጠራው። «አንዴ» ብሎ ወጣ። አንዴው ልኬት ሆነ፣ ልኬቱ ክርክር ሆነ፤ ፎጣው መውደቁን ማን አየ?

«እሳት! እሳት!» የሚለው የጎረቤቱ የመምህሩ ድምፅ ነው። ጡረታ የወጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ሲጮኹ ተሰምተው አያውቁም። ብረቱ ሲደርስ የሳሎኑ ሶፋ ተያይዞ ጥቁር ጢስ በበሩ ይወጣል። የእናቱን ቁልፍ ጨብጦ ሁለት ጊዜ ዘሎ ገባ፤ ሁለቱንም ጊዜ እሳቱ መለሰው። ፀጉሩ ተለበለበ። በሦስተኛው መምህሩ ቀበቶውን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱት።

በጓሮ ዞሮ ወደ መስኮቱ ሮጠ። እናቱ መስተዋቱን ከፍታ፣ ፍርግርጉን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ሱቁ በርሮ የመቁረጫ ማሽኑን አመጣ፤ ገመዱን እየጎተተ ደርሶ ማብሪያውን ተጫነው። ማሽኑ ዝም አለ።

«መብራቱን ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ፤ ከቆጣሪው» አሉ መምህሩ። «ውሃ እየደፋን እኮ ነው፤ ሰው ይፈጃል።»

ልክ ነበሩ። ባለሙያዋ ያስተማረችውን አንድ ሳያዛንፉ ነው ያደረጉት፤ ስልክም ደውለዋል። ተመልሰው ቢያበሩትም መስመሩ ተቃጥሏል፤ እንቢ አለ። አንድ ሰው ረጅም ገመድ ፍለጋ ወደ ማዶ ሮጠ። ሌላው ባልዲ ይዞ ቆሞ «ማጠፊያ ቢደረግለት ኖሮ!» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ምክር እንደዚያ ቀን ረክሶ አያውቅም።

ብረቱ የእጅ መጋዙን አነሣ። አንዷን ዘንግ በእጅ ለመቁረጥ ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለደንበኛ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ሰው እንዲያልፍ ሦስት ዘንጎች ከላይም ከታችም መቆረጥ አለባቸው። ሒሳቡን ጭንቅላቱ ሳይጠይቀው ሠራው። ቢሆንም ጀመረ።

«እማዬ፣ ብርድ ልብሱን በሩ ሥር ጎስጉሺው! ጢሱን ይከልክልልሽ!»

ብርድ ልብሱን አነሣች። ጫፍ ለጫፍ አገናኝታ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አጠፈችው፤ አልጋዋ ላይ አስቀምጣ በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። በሩ ሥር ጢሱ ይገባል።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አለችው።

«ያንቺ ነኝ! እማዬ፣ ያንቺ!»

ሳቅ አለች፤ እንግዳ ሰው ሲቀልድባት እንደምትስቀው። «የኔ ልጅ በያጅ ነው። እሱን ጥሩልኝ፤ ይሄን በአንድ አፍታ ይነቅለዋል።»

ብረቱ ዘንጉን እየገዘገዘ ያለቅሳል፤ እንባና ላብ ዓይኑን ጋርዶት መጋዙ እያዳለጠ ጣቱን በላው። እናቱ ሳል ያዛት። ሳሉ ሲለቃት አንድ እጇን በዘንጎቹ መካከል አሾለከችና የደማውን እጁን ያዘችው።

«ተው፣ ደማህ እኮ። በቃህ፤ ሂድ ወደ ቤትህ። እናትህ ታስባለች።»

«እማዬ...»

«ለኔ አታስብ። ልጄ አይቀርም፤ ይመጣል።»

እጇ ከእጁ ላይ ላላ፤ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ወደቀ። ስሟን ጠራ። መስኮቱ ውስጥ ከጢስ በቀር የሚታይ አልነበረም።

የእሳት አደጋ ሰዎች ሲደርሱ ብረቱ ሁለተኛውን ዘንግ ጀምሮ ነበር። «ተወው፣ ወንድሜ፤ አልቋል» አሉት። አልሰማቸውም። «መጣሁ፣ እማዬ፤ መጣሁ» እያለ ይገዘግዛል።