አስታማሚ ይግባ

«የሹክሪያ አስታማሚ ይግባ!» አለች ነርሷ። ልጄ ሙንዲር ብድግ ብሎ ገባ። ደም የሸናሁት እኔ፣ ፊኛዬ ውስጥ ያደገውን ዕጢ ያስወጣሁት እኔ፣ ውጤት የሚሰማው ግን እሱ! ከንፋስ መውጫ ባሕር ዳር ድረስ የመጣሁት ወንበር ላሞቅ ነው እንዴ?

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። «ኢንፌክሽን ነው፣ እማ» አለኝ።

«የወለድኩህን ትሸውዳለህ?» ገፋ አድርጌው ገባሁ።

ዶክተር ተስፋሁን ደነገጠ። «እናቴ፣ አስታማሚዎ…»

«አስታማሚዋም ታማሚዋም እኔ ነኝ። ንገረኝ!»

የምርመራ ወረቀቱን ገለጠ። «ካንሰር ነው። ዕጢው ሲመረመር ትምባሆ የሚያነቃቸው ጂኖች ነቅተው ተገኙ። ልጅዎ ግን አጭሰው አያውቁም ይላል።»

«ቢስሚላህ! እኔ ላይ ጂኒ?»

«ጂኒ አይደለም፣ ጂን። ከዘር የሚወረስ…»

«ዘሬን አትንካ! ዘሬ ንጹሕ ነው!»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳኝ። ጂን ሰውነታችን የሚታዘዝለት ነገር ነው አለኝ፤ የሲጋራ ጭስ ክፉ ክፉውን ይቀሰቅሰዋል። ተከትሎኝ የገባው ሙንዲር እንዳልናገር በዓይኑ ይለምነኛል። ሴት፣ ያውም የሼህ ልጅ!

«አጨሳለሁ» አልኩ። «ባሌ ከሞተ ጀምሮ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ከጨርቅ ጣቃው ጀርባ ተደብቄ።»

«እንግዲህ ምልክቱ ጥሩ አይደለም። ሊመለስብዎ ይችላል።»

«ምልክት ነው ወይስ ፍርድ?»

«ምልክት ነው። ሲጋራውን ካቆሙ፣ ክትትሉንም ካላቋረጡ እንታገለዋለን።»

«በል እንታገል!»

ሚኒባስ ውስጥ ሙንዲር «ሰው ሲጠይቅሽ ኢንፌክሽን በይ፣ ስማችን ይጠፋል» እያለ ነዘነዘኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማም ይሆን? ተናደድኩ። «ተደብቄ አጨስኩ፤ ተደብቄ ግን አልታመምም!» አልኩት።

ሱቅ እንደደረስን ጎረቤቴ አልጣሽ መጣች። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት፤ ትምባሆ ከመናፍቁ አርዮስ መቃብር የበቀለ ነው ባይ።

«ምን አሉሽ፣ ሹክሪያ?»

ሙንዲር ቀደመኝ። «ኢንፌክሽን…»

«ካንሰር ነው!» አልኩ ሰፈሩ እስኪሰማ። ፓኮውን ከጣቃው መሐል አውጥቼ በእጄ ጨፈለቅኩት። «ሲጋራ ሳጨስ ያመጣሁት! ይኸው አቆምኩ። የሚያማኝ ይማኝ!»

መንገደኛው ቆሞ አየኝ። አልጣሽ አማትባ ትሄዳለች ብዬ ነበር። ጭራሽ ተጠጋችኝ።

«ሲጀምርሽ ያምሽ ነበር?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አያመኝም ነበር። ደም ብቻ ነው ያየሁት።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «በማርያም ለሰው እንዳትነግሪብኝ። እኔም ደም ብቻ ነው የማየው።»

እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ሙንዲር! ለነገ ባሕር ዳር ሁለት ቦታ ያዝ። አንተ ሱቅ ጠብቅ፤ አስታማሚዋ እኔ ነኝ።»