አሥር ሰዓት ሙሉ ይሠራል

ግራንት የሬዲዮ መስሚያ ስካነሩን ከእናቱ እጅ ነጥቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ቻርጅ ማድረግ ረሳሁ ነው የምትዪኝ? እሳት እየመጣ?»

አዳራሹ ውስጥ ሳንድዊች ይዘው የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ። ሁሉም ከትናንቱ የጫካ እሳት ያመለጡ ናቸው። እናቱ ኢኒድ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ማታ የሰካሁት መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እንጃ ልጄ።»

ጎረቤቷ ክሌም ከጎኗ ተቀምጦ ስኳር የሌለውን ሻይ ያማስላል። ጡረታ የወጣ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። የሸለቆው የስልክ ማማ ሲቃጠል ስልክ ስለሚቋረጥ፣ እሳቱ የት እንደደረሰ የሚታወቀው የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በሬዲዮ ሲነጋገሩ በስካነር በማዳመጥ ብቻ ነው። ባለፈው ወር የኢኒድ ስካነር ባትሪ ሲደክም አዲስ የሠራላት ክሌም ነበር። ከተጣሉ የመሰርሰሪያ ባትሪዎች የፈታቸውን የሊቲየም ድንጋዮች አገጣጥሞ፣ «አሥር ሰዓት ሙሉ ይሠራል» ብሎ ጽፎ ለጠፈበት። ለሌሎች አራት ጎረቤቶችም ሠርቷል። «እጅህ ወርቅ ነው» ሲሉት ደስ ይለው ነበር።

ግን ፈትኗቸው ነበር። እስኪሞሉ ቻርጅ አድርጎ ሲሞክራቸው አንዱም ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆየም። በጋው ሳይጠና እቀይራቸዋለሁ ብሎ ሰጠ። ረሳው እንኳ አይባልም፤ ምስጋናው ጣፍጦት ተወው።

«ነፋሱ ዞሯል፣ ውጡ ሲባል ሁሉም ሰምቷል» አለ ግራንት። «አንቺ ግን ጋጣው ሲነድ ነው ያየሽው። ፈረሶቹን ስትፈቺ ልትሞቺ ነበር! ባለፈው ሳምንት ምድጃውን ሳታጠፊ ወጣሽ፣ ትናንት ደግሞ ይሄ። እማዬ፣ ጭንቅላትሽ እየከዳሽ ነው። ሰኞ ከተማ ያለውን የአረጋውያን ቤት ሄደን እናያለን።»

ክሌም በሃያ ዓመት ጉርብትና ኢኒድ ሳትከራከር ስትቀር አይቶ አያውቅም። አሁን ግን የታሰረ እጇን እያየች፣ «እውነትህን ሳይሆን አይቀርም» አለች። ከዚያ ወደ ክሌም ዞረች። «ይቅርታ አድርግልኝ። አንተ ያን ያህል ለፍተህ ሠርተህልኝ፣ እኔ...»

ይቅርታዋ ከጥፊ ባሰበት።

«ሰክተሽዋል» አለ።

«ምን?»

«አልረሳሽም። ድንጋዮቹ የሞቱ ናቸው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አይሠሩም።» ሳያስበው ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። «ስሰጥሽ አውቅ ነበር።»

ግራንት ተነሣ። «እያወቁ ነው የሰጧት? ብቻዋን ለምትኖር ሴት?»

«እያወቅሁ ነው።»

«እኔ እዚህ እናቴን ስሰድብ፣ ሻይ እያማሰሉ ይሰሙኛል!»

ክሌም እስከ ጆሮው ቀልቶ ማንኪያውን አስቀመጠ። ኢኒድ በደህናው እጇ ልጇን ጎትታ አስቀመጠችው።

«አበቃልኝ፣ ጃጀሁ ብዬ አምኜ ነበር እኮ» አለች ክሌምን እያየች። «ከቃጠሎው ይሄ ይብሳል።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ሌሎቹን ለነማን ሰጠህ?»

ስማቸውን ጠራ። ሁለቱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ ግን ቤታቸውን ከእሳት ለመጠበቅ ወንዙ ማዶ ቀርተዋል፤ እሳቱ ደግሞ ገና አልጠፋም።

«ታዲያ እኔን ምን ታየኛለህ?»

በሩ አጠገብ የእሳት አደጋ ቡድኑ አለቃ ሮዊና ወደ ማዶ በሚሄደው መኪና ላይ ውኃ ታስጭናለች። እዚያ ለመድረስ በሰዉ ሁሉ መሃል ማለፍ ያስፈልጋል። ክሌም የራሱን ስካነር ከወገቡ ፈታ። የእሱ ባትሪ ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ኢኒድም ይህን አየች። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጥ አዳራሹን አቋርጦ ሮዊና ፊት ቆመ።

«ይሄን ማዶ ላሉት አድርሺልኝ» አላት። «ለምን እንደሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ልንገርሽ።»