ፎርማኑ ማነው?

በሺርን የሰደበው የሥራ ባልደረባው በላቸው ነው። ጊዜው የ1971 ረመዳን ዋዜማ፣ ቦታው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፤ ሰሚዎቹ ደግሞ የበሺር አማቶች። በሺር ዶማ ሲጥልበት በኖረው በኮምቦልቻና ሐርቡ መንገድ ላይ ፎርማን ሊሆን ነው መባሉን በላቸው ሰምቶ፣ «አንተ? ሀሁን ትናንት የጀመርኸው?» ብሎ ሳቀበት። ወር ሳይሞላ ሹመቱ ለራሱ ለበላቸው ሆነ።

ሠራተኞቹ ግን ለማጽናናትም ለመቀለድም በሺርን «ፎርማን» ይሉት ጀመር። ፊደል ያስቆጠረው የዘመቻ ተማሪ፣ በእንግሊዝ አፍ ሁለት ቃል ተጋጥሞ ነው፣ ፊተኛ ሰው ማለት ነው ብሎታል። መንገድ ሥራ ላይ ፊሽካ እየነፋ ሠራተኛውን የሚያዝዘው ነው። ሰፈር ውስጥ አዛዥ ሚስትም ፎርማን ትባላለች፤ አሮጌው ሰይድ፣ «የኔዋ ፎርማን ዛሬም ጨው አምጣ ብላኛለች» እያለ ያስቃል። በሺር ሲጠሩት ይቆጣል፤ በልቡ ግን ይወደዋል።

በነሐሴ 1972፣ ዒድ ካለፈ በኋላ፣ እነሱ የሠሩትን አዲሱን ድልድይ ጎርፍ ሰነጠቀው። በማግስቱ አንድ ካድሬ ታጣቂዎች አስከትሎ በላንድሮቨር ደረሰ።

«ይኼ አሻጥር ነው። ፎርማኑ ማነው?»

በላቸው ፊሽካውን ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተ።

ይኼን ጊዜ ሰይድ ከወንዝ መጣ። ነገሩን አያውቅም። «እንካ ፎርማን፣ ጉሮሮህን አርጥብ» ብሎ የውኃውን ቅል ለበሺር ዘረጋለት።

ታጣቂው የበሺርን ክንድ ጨመደደ። ቀበሌ ተጠርቶ የቀረው ጎረቤቱ ጀማሉዲን በበሺር ዓይን ላይ መጣ።

«ወላሂ ጓድ፣ ሲቀልዱብኝ ነው!»

«ሲያዝ ቀልድ ነው የማይል የለም» አለ ካድሬው፤ ወደ በላቸው ዞሮ፣ «እሱ ነው?»

በላቸው ኪሱን በእጁ ጫን አደረገ። «እንዲያ... እንዲያ ነው የሚሉት።»

«ኧረ አላህን ፍራ!» ሰይድ ጮኸ። «ፎርማኑ አንተ አይደለህ? ፊሽካው የት ሄደ?»

ኪሱ ተፈተሸ፤ ፊሽካው ወጣ። በሺርን ለቀው በላቸውን ያዙ። ወደ መኪናው ሲገፈትሩት አንገቱን አዙሮ ተጣራ።

«በሺር! ወንድም ጋሼ! ሲሚንቶው አንሷል ብዬ አቤት ስል ሰምተሃል። በሞቴ ንገርልኝ!»

ሰምቷል። አጠገቡ ነበር።

«ምን ትላለህ?» አለ ካድሬው።

በሺር የተያዘ ክንዱን አሸት አሸት አደረገ። ዶማውን ከመሬት አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ድንጋዩ ክምር መንገዱን ጀመረ።